99 በመቶ አንድ ከሆንን አንጎላችንን ምን ለየው?

መምህር ጥያቄዎን ትላንት ማታ ነው ያየሁት፣ በሁለት መስመር መመለስ ስላልፈለኩ ዛሬ ተረጋግቼ ልጻፍ ብዬ ነው። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄውን ልድገመው፦ 12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ሲያስተምሩ አንድ ተማሪዎ ተነስቶ "የሰውና የቺምፓንዚ ዲኤንኤ 99 ፐርሰንት አንድ ነው ካላችሁን በቀረው 1 ፐርሰንት ብቻ አንጎላችን እንዴት እንደዚህ ሊለያይ ቻለ? ሰው ያረገን ጂን የትኛው ነው?" አለዎት፣ እርስዎም የሰጡት መልስ ራስዎን አላረካዎትም። ልጁን አድንቁልኝ። እኔ ባለሁበት ዘርፍ ሰዎች ሃምሳ አመት ሙሉ ሲያሳድዱት የኖሩት ጥያቄ ራሱ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርዎት። ሰው ያረገን አንድ ጂን የሚባል ነገር የለም። ልዩነቱ በአብዛኛው ጂኖቹ ውስጥ ሳይሆን ጂኖቹ መቼ ይነሳሉ፣ የት ይሰራሉ፣ ምን ያህል ያመርታሉ፣ መቼ ያቆማሉ የሚለው ላይ ነው ያለው። በተለይ "መቼ" የሚለውን ይያዙልኝ፣ ከታች የማነሳቸው ለውጦች መንገዳቸው ይለያያል እንጂ ዞሮ ዞሮ አብዛኞቹ የሚነኩት ሰአቱን ነው፣ አንጎል የሚገነባበትን ሰአት።

99 የሚለው ቁጥር ራሱ መብራራት አለበት። የሰው ጂኖም (ዲኤንኤው በሙሉ ማለት ነው) ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ፊደል አለው (ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ የሚባሉት አራቱ)። በ2005 የቺምፓንዚ ጂኖም ተነቦ ሲወጣ ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩት ወደ 35 ሚሊዮን ቦታ ላይ አንዱ ፊደል በሌላ ተተክቶ አገኙት፣ ይሄ ነው 1.2 ፐርሰንት አካባቢ የሚመጣው። ግን ይሄ ቁጥር መደርደር የሚቻለውን ክፍል ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ አንዱ ጋ ያለ ሌላው ጋ የሌለ ቁራጭ ደግሞ አለ፣ እሱ ወደ 5 ሚሊዮን ቦታ ላይ ነው፣ በቦታ ብዛት ቢያንስም በፊደል ብዛት ግን ከነጠላ ፊደል ለውጦቹ ይበልጣል። በዛ ላይ ሙሉ ጂን ይዘው የተባዙ ሰፋፊ ክፍሎች አሉ፣ እነሱ ለረጅም ጊዜ በደንብ እንኳን አልተነበቡም ነበር፣ እመለስበታለሁ። ስለዚህ ተማሪዎ "1 ፐርሰንት ብቻ" ሲል 1 ፐርሰንቱም ቢሆን በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ለውጥ መሆኑን ይንገሩት፣ ከሁለቱ የጋራ ቅድመ አያት ወዲህ ባለው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን አመት ውስጥ ግማሹ በኛ መስመር ግማሹ በእነሱ መስመር የተጠራቀመ። ከዛ ሁሉ ውስጥ አብዛኛው ምንም ስራ ላይ ለውጥ አያመጣም። ስራችን ከዛ ክምር ውስጥ ስራ ያለውን ለቅሞ ማውጣት ነው፣ ከባዱም እሱ ነው።

ታሪኩ ከ1975 ይጀምራል። ሜሪ-ክሌር ኪንግ የምትባል ሳይንቲስት (በኋላ በ1990 ከጡት ካንሰር ጋር የሚያያዘውን ብራካ1 የሚባለውን ጂን ክሮሞዞም 17 ላይ መኖሩን ያሳየችው ራሷ ናት) በርክሌይ ከአለን ዊልሰን ጋር ሆና የሰውና የቺምፓንዚ ፕሮቲኖችን አወዳደረች። ያኔ ጂኖም ማንበብ የሚባል ነገር የለም፣ የነበረው የደም ፕሮቲን ምናምን እየወሰዱ ማነጻጸር ነው። ፕሮቲኖቹ ከ99 ፐርሰንት በላይ አንድ ሆኑ። ሁለቱ ያሉት ደፋር ነገር ነበር፦ እነዚህ ፕሮቲኖች በአካልና በባህሪ የሚታየውን ልዩነት ሊያስረዱ አይችሉም፣ ስለዚህ ዋናው ልዩነት ጂኖችን የሚቆጣጠረው ክፍል ላይ መሆን አለበት አሉ። ማስረጃው ሳይኖር ከሰላሳ አመት በፊት አስቀድመው ነው ያሉት፣ በአመዛኙም ልክ ነበሩ።

የሚቆጣጠረው ክፍል ስንል ምን ማለታችን ነው? ፕሮቲን የሚሰሩ ጂኖቻችን 20 ሺ ገደማ ናቸው፣ ፕሮቲኑን የሚጽፈው ክፍላቸው ተደምሮ ከጠቅላላው ጂኖም 2 ፐርሰንት አይሞላም። በቀረው ውስጥ ኢንሃንሰር የሚባሉ አጫጭር ቁራጮች ተበትነው አሉ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ፊደል ቢኖራቸው ነው፣ ሌሎች ፕሮቲኖች መጥተው እነሱ ላይ ያርፋሉ፣ ዲኤንኤው ይታጠፍና ኢንሃንሰሩ ሩቅ ያለው ጂን አጠገብ ይመጣል፣ ከዛ ጂኑ "ስራ" ይባላል። አንዳንዴ ኢንሃንሰሩ ከሚያዘው ጂን በመቶ ሺዎች ፊደል ይርቃል። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ የሚጻፉትን ደቃቅ ምልክቶች ያውቃል፣ ቃሉን የሚነግርህ ፊደሉ ነው፣ የቱ ጋ እንደሚረዝም የቱ ጋ እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚነግርህ ምልክቱ ነው። ቃሉን ሳትነካ ምልክቱን ብትቀይር ዜማው ሌላ ነው። ኢንሃንሰር ላይ የሚደርስ ለውጥም እንደዛ ነው፣ ጂኑ ያው ጂን ሆኖ የሚሰራበት ቦታና ጊዜ ይቀየራል።

ኢቮሉሽን ለምን ይሄን መንገድ ያበዛል የሚለው ጥያቄ ለኔ በጣም ደስ የሚለኝ ክፍል ነው፣ ክፍል ውስጥም በደንብ ይሄዳል። አንድ ጂን ብዙ ጊዜ በልብም በኩላሊትም በአንጎልም ይሰራል። ፕሮቲኑን ራሱን ከነካኸው ሶስቱንም ነካህ ማለት ነው፣ አንጎል ላይ ጥሩ ነገር ቢያመጣ እንኳን ልብ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ጽንሱን ሊገለው ይችላል። ያው ጂን ግን ለልብ የራሱ ኢንሃንሰር አለው፣ ለአንጎል የራሱ፣ ለአንጎልም ራሱ ለ8ኛው ሳምንት ሌላ ለ20ኛው ሳምንት ሌላ ሊኖረው ይችላል። ከነዚህ አንዷ ላይ ሁለት ሶስት ፊደል ቢቀየር የሚነካው አንድ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሌላው በሰላም ይቀጥላል። ለውጥ ያለ ብዙ ኪሳራ የሚገባበት በር እሱ ነው።

ማስረጃው በ2006 አካባቢ መምጣት ጀመረ። ካትሪን ፖላርድ ሳንታ ክሩዝ ከዴቪድ ሃውስለር ጋር ስትሰራ ጥያቄውን ገለበጠችው። ሰው የተለየበትን ቦታ ሁሉ ከመልቀም ይልቅ በሌሎች እንስሳት ላይ በመቶ ሚሊዮን አመታት ምንም ሳይነካ ቆይቶ ሰው ላይ ሲደርስ ብቻ በድንገት የተለዋወጠ ቦታ አለ ወይ ብላ ኮምፒውተር አስፈለገች። ያልተነካው ስለማይነካ ነው፣ ማለትም ስራ ስላለው፣ ያ ከሆነ ደግሞ ሰው ላይ መቀየሩ ትርጉም ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። ዝርዝሩ አናት ላይ የወጣው ሃር1 ይባላል፣ 118 ፊደል ነው በቃ። ዶሮና ቺምፓንዚ ከተለያዩ ከ300 ሚሊዮን አመት በላይ ነው፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ከ118ቱ የተቀየሩት 2 ናቸው። ሰውና ቺምፓንዚ መሃል ግን 18። ይሄን ቁጥር መጀመሪያ ሳየው የተሰማኝ ግርምት እስካሁን አለቀቀኝም። የት ነው የሚሰራው ብለው ሲያዩ ደግሞ የጽንስ አንጎል ኮርቴክስ (ውጨኛው ንብርብር) ሲገነባ ከ7ኛው እስከ 19ኛው ሳምንት፣ ካሃል-ሬትሲየስ የሚባሉት ሴሎች ውስጥ ሆነ፣ እነሱ ሪሊን የሚባል ፕሮቲን እየለቀቁ አዳዲሶቹ ኒውሮኖች (የነርቭ ሴሎች) በየንብርብራቸው እንዲቀመጡ የሚያረጉ ሴሎች ናቸው። ሃር1 ፕሮቲን እንኳን አይሰራም፣ የሚያመርተው አርኤንኤ (ከዲኤንኤ ላይ የሚገለበጥ ቅጂ) ብቻ ነው።

አሁን እንደዚህ አይነት ቦታዎች፣ ሃር የሚባሉት፣ ወደ 3 ሺ ገደማ ይታወቃሉ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጂን ውጪ ናቸው፣ ብዙዎቹም ኢንሃንሰር ሆነው ተገኝተዋል። አንዱን ብቻ ልጥቀስ፣ በ2015 ዱክ ዩኒቨርሲቲ የዴብራ ሲልቨር ላብ ሃር-ኢ-5 የሚባለውን ኢንሃንሰር የሰውንና የቺምፓንዚን ለየብቻ አይጦች ውስጥ አስገቡ። የሰው ቁራጭ ቀደም ብሎና ጠንክሮ የሚያዘውን ጂን አስነሳው፣ ኒውሮን የሚወልዱት እናት ሴሎች ቶሎ ቶሎ ተከፋፈሉ፣ የአይጦቹ ጽንስ አንጎል የቺምፓንዚውን ቁራጭ ከተሰጣቸው በ12 ፐርሰንት በለጠ። እዚጋ የሰአቱ ለውጥ ወደ ማፋጠን ነው የሄደው፣ ከታች የሚመጡት ደግሞ ወደ ማዘግየት፣ ስለዚህ "የሰው አንጎል ዝግ ስላለ ነው" ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዳይዘጋ።

መጥፋትም ለውጥ ነው። በ2011 ስታንፎርድ ያሉ ሰዎች ቺምፓንዚና ሌሎች እንስሳት ላይ ተጠብቀው ሰው ላይ ግን ጭራሽ የጠፉ 510 ቁራጮች ዘረዘሩ፣ ከነሱ አንዱ የሴል መብዛትን የሚያግድ ጂን አጠገብ የነበረና ያ ጂን በፊተኛው አንጎል ላይ እንዲሰራ የሚያረግ ኢንሃንሰር ነው። ማገጃው እዛ ቦታ ላይ ሲላላ ሴሎቹ የበለጠ ሊበዙ ይችላሉ የሚል ሃሳብ ነው ያለው።

አሁን እመለስበታለሁ ወዳልኩት ልሂድ፣ የተባዙት ጂኖች። ይሄኛው ከምልክት ለውጥ የተለየ ነው፣ ሙሉ ጂን ይገለበጥና ሁለተኛ ኮፒ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ኤስአርጋፕ2 የሚባል ጂን ክሮሞዞም 1 ላይ አለ፣ ሁሉም አጥቢ እንስሳት አላቸው፣ ቺምፓንዚም አንድ አለው። ሰው ላይ ብቻ ተባዝቷል። አስገራሚው ነገር የሰው ጂኖም "አለቀ" ከተባለ በኋላ እንኳን እነዚህ ኮፒዎች በትክክል አይታዩም ነበር፣ በጣም ስለሚመሳሰሉ ኮምፒውተሩ አንድ ላይ እየደፈጠጠ ያነባቸዋል፣ በዛ ላይ እያንዳንዳችን ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ስላለን ይሄ ልዩነት የኮፒው ነው ወይስ የእናትና የአባት ነው የሚለው ይምታታል። ኤቫን አይክለር ሲያትል ያለው ላቡ ከአባት ወገን ብቻ የመጣ ዲኤንኤ ያለበት ጽንስ ያልሆነ እርግዝና (የወይን ዘለላ የሚመስለው እርግዝና፣ ሃኪሞች ሞላር ፕሬግናንሲ የሚሉት) ናሙና ተጠቀመ፣ እዛ አንድ አይነት ብቻ ስላለ መምታታቱ ቀረ፣ ኮፒዎቹም አንድ በአንድ ተለዩ። በ2012 ነው የወጣው። በስሌታቸው መሰረት የመጀመሪያው መባዛት ከዛሬ 3.4 ሚሊዮን አመት ገደማ በፊት፣ ሁለተኛው ኤስአርጋፕ2ሲ የተባለው ደግሞ 2.4 ሚሊዮን አመት ገደማ በፊት ነው።

ይሄ ሲ የተባለው ኮፒ ሙሉ አይደለም፣ ግማሽ መንገድ ላይ ተቆርጧል። ግን ዝም ብሎ የተበላሸ ኮፒ አይደለም፣ የተቆረጠው ፕሮቲን ከዋናው ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ዋናውን ስራ ያስፈታዋል። ዋናው ስራው ደግሞ ኒውሮኖች ከሌላ ኒውሮን መልእክት የሚቀበሉባቸውን ጥቃቅን ቡቃያዎች እንዲበስሉ ማድረግ ነው። እሱ ሲታገድ ምን ሆነ? በፍራንክ ፖሎ ላብ የሰውን ኮፒ አይጥ አንጎል ውስጥ ሲያስገቡት ቡቃያዎቹ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ወሰዱ፣ ቁጥራቸውም በዛ፣ አንገታቸውም ረዘመ፣ የሰው ኒውሮን ላይ እንደሚታየው ማለት ነው። አዲስ ችሎታ የሚሰጥ አዲስ ፕሮቲን አልተፈጠረም፣ የነበረው ላይ ፍሬን ተያዘ።

2.4 ሚሊዮን አመት ሲባል የኛ ሰው ወዲያው አፋር ነው ትዝ የሚለው፣ ልክም ነው። ቻላቸው ስዩም በ2013 ሌዲ ገራሩ ላይ ያገኘው የመንጋጋ ቁራጭ 2.8 ሚሊዮን አመቱ ነው፣ ሆሞ ከሚባለው፣ እኛም ካለንበት ወገን እስካሁን ካሉት ጥንታዊው ተብሏል፣ የጎና የድንጋይ መሳሪያዎች ደግሞ 2.6 ሚሊዮን ናቸው። ቀኖቹ መቀራረባቸው ልብ ይሰቅላል፣ ግን ተማሪዎቹ "ጂኑ ተባዛ፣ መሳሪያ ተሰራ" ብለው እንዳይደመድሙ አደራ። በጂን ስሌት የሚወጣ ቀን ግራና ቀኝ በመቶ ሺዎች አመት ሊንሸራተት ይችላል። በዛ ላይ ከዛ ዘመን የሆሚኒን (ከቺምፓንዚ ከተለየን ወዲህ ያለው የሰው ወገን) ዲኤንኤ የሚባል ነገር ማንም አግኝቶ አያውቅም፣ የሆሚኒን የኑክሌር ዲኤንኤ ከተነበበባቸው ቅሪቶች ጥንታዊው ስፔን ውስጥ የተገኘው ነው፣ እሱም 430 ሺ አመት ገደማ ነው። ቅሪተ አካሉና ጂኖሙ እስካሁን ለየብቻ ነው የሚናገሩት።

ወደ ጂኖቹ ልመለስ። ከኤስአርጋፕ ሳይርቅ፣ እዛው ክሮሞዞም 1 ላይ፣ ኖች2ኤንኤል የሚባል የጂን ቤተሰብ አለ። በ2018 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ሃውስለር ያለበት የሳንታ ክሩዙ፣ አንዱ የፒየር ቫንደርሃገን የቤልጂየሙ፣ በአንድ ላይ አወጡት። ኖች የሚባለው የሴሎች መነጋገሪያ መንገድ እናት ሴሎች ኒውሮን ከመሆናቸው በፊት እናት ሆነው እንዲቆዩ ያረጋል። የሰው ኮፒዎች ያንን ያጠናክራሉ፣ እናት ሴሉ ቶሎ ኒውሮን ሆኖ ከማለቅ ይልቅ ራሱን ደግሞ ደጋግሞ ያበዛል፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣው የኒውሮን ብዛት ይጨምራል። እንደገና ሰአት ነው። ቺምፓንዚና ጎሪላም የዚህ ጂን ቁርጥራጭ አላቸው፣ ግን የማይሰራ ነው፣ በኛ መስመር ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን አመት በፊት ባለው ጊዜ ከዋናው ጂን ላይ ተጠግኖ ስራ ጀመረ ነው የሚባለው።

እዚጋ ግን መቆም አለብኝ፣ ምክንያቱም ይሄ ክፍል ቀጥታ ሰው ቤት የሚገባ ነው። እነዚህ ተመሳሳይ ኮፒዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ዋጋ አለው። እንቁላልና የወንድ ዘር ሲሰሩ ክሮሞዞሞች ተሰልፈው ቁራጭ ይቀያየራሉ፣ ተመሳሳይ ኮፒ ሲበዛ ሰልፉ ይሳሳታል፣ አንዱ ጋ ቁራጭ ይጎድላል ሌላው ጋ ይደረባል። 1ኪው21.1 የሚባለው የክሮሞዞም 1 ቦታ ላይ እንደዚህ ሲሆን የጎደለባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ ጭንቅላታቸው አነስ ይላል፣ የተደረበባቸው ደግሞ ተለቅ ይላል፣ የእድገት መዘግየት፣ ኦቲዝም፣ ስኪዞፍሬንያ የመከሰት እድሉም ይጨምራል፣ ምንም የማይታይባቸውም አሉ። የኖች2ኤንኤል ኮፒዎች ደግሞ ልክ በዚህ ቦታ አፋፍ ላይ ነው ያሉት። አንጎላችንን ያሰፋው መባዛትና እነዚህን ቤተሰቦች የሚያንገላታው ስህተት ከአንድ ምንጭ ነው የመጡት። እኔ ይሄን ትምህርት የምወደውም የሚያሳዝነኝም በዚህ ነው። ይሄን የምታነቡ ወላጆች ካላችሁ፣ አንዳንዴ ሁለቱም ወላጆች ላይ የሌለ አዲስ ለውጥ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳያውቁት ከያዙት ወላጅ ይተላለፋል፣ በሁለቱም መንገድ እናት በእርግዝና ጊዜ የበላችው ወይ የሰራችው ነገር ያመጣው አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ምርመራው ክሮሞዞማል ማይክሮአሬይ ይባላል፣ ሃኪም ስትጠይቁ በዚሁ ስም ጠይቁ።

ከጂን ውጪ ስላሉት ቦታዎችም እንደዚሁ ነው። የሃርቫርዱ ክሪስቶፈር ዋልሽ ቡድን በ2016 የቅርብ ዘመዳሞች በተጋቡባቸው ቤተሰቦች ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ ከላይ ያልኳቸው ሃር የሚባሉ ቦታዎች በሁለቱም ኮፒ የተጎዱባቸውን ለይቶ አውጥቷል። ሰው ላይ በፍጥነት የተለወጠው ቦታ ሲበላሽ ሰው የሚኖርበትን ማህበራዊ ባህሪ ሊነካ ይችላል ማለት ነው።

ሌላም የተባዛ ጂን አለ፣ ኤአርኤችጋፕ11ቢ፣ 5 ሚሊዮን አመት ገደማ በፊት የመጣ፣ ድሬስደን ያለው የቪላንድ ሁትነር ላብ በ2015 ያወጣው። የዚህ ጉድ አንዲት ፊደል ናት። መጀመሪያ ሲባዛ ስራው ከዋናው ብዙም አይለይም ነበር ተብሎ ይታሰባል፣ ከዛ አንዲት ሲ ወደ ጂ ተቀየረች፣ በሷ ምክንያት አርኤንኤው ሲቆራረጥ 55 ፊደል ወደቀ፣ የፕሮቲኑ ጭራ በሌላ በየትም በሌለ ቅደም ተከተል ተተካ። በ2020 ማርሞሴት በሚባሉ ትናንሽ ጦጣዎች ጽንስ ውስጥ ሲያስገቡት ኮርቴክሳቸው ሰፋ፣ በተፈጥሮ ልሙጥ የሆነው አንጎላቸው ላይ እጥፋቶች ታዩ። ተመራማሪዎቹ ጽንሶቹ እንዲወለዱ አላደረጉም፣ ምን አይነት እንስሳ እንደሚሆን ስለማይታወቅ፣ እኔ ይሄ ውሳኔያቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ፊደል ብትቆጥሩ ከ3 ቢሊዮን አንዷ ናት፣ "1 ፐርሰንት ብቻ" ላለው ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አሁን ስለ ሰአቱ ቀጥታ የታየ ነገር ልንገርዎት። የሰውና የጎሪላ ጽንስ አንጎል ጎን ለጎን ማየት አይቻልም፣ ስለዚህ ከቆዳ ወይ ከደም ሴል ወስዶ ወደ ስቴም ሴል (ሌላ አይነት ሴል መሆን ወደሚችል ሴል) መልሶ ከሱ ኦርጋኖይድ የሚባል ሩዝ የሚያክል የአንጎል ቲሹ ማሳደግ ነው ያለው አማራጭ። ይሄን ዘዴ በ2013 ያስተዋወቀችው ማድሊን ላንካስተር በ2021 ካምብሪጅ ላይ የሰውን፣ የቺምፓንዚንና የጎሪላን አንድ ላይ አሳደገች። መጀመሪያ ላይ ያሉት እናት ሴሎች አጭርና ወፍራም ናቸው፣ በዛ ቅርፅ እያሉ በፍጥነት ይበዛሉ፣ ከዛ ቀጭንና ረጅም ሲሆኑ መብዛታቸው ይቀንሳል። በጎሪላና በቺምፓንዚ ይሄ ሽግግር 5 ቀን ገደማ ወሰደ፣ በሰው 7 ቀን ገደማ። ሁለት ቀን! ግን ሴል እየተባዛ ባለበት ሰአት ሁለት ቀን ማለት ብዙ ነገር ነው። ሽግግሩን የሚያስነሳው ዜብ2 የሚባል ጂን ነው፣ ሁላችንም አለን፣ ልዩነቱ ጎሪላ ላይ ቀድሞ መነሳቱ ነው። ጎሪላው ላይ የዚህን ጂን ስራ ሲያዘገዩት የጎሪላው ኦርጋኖይድ የሰው መሰለ። ኪንግና ዊልሰን በ1975 የገመቱት ነገር በሰሃን ላይ ሲታይ እንደዚህ ነው።

ከተወለድንም በኋላ መዘግየቱ ይቀጥላል። የፊተኛው ኮርቴክስ ሲናፕሶች (ኒውሮኖች የሚገናኙባቸው ቦታዎች) ከቺምፓንዚው ዘግይተው ነው የሚበስሉት፣ የነርቭ ገመዶቹ ማየሊን የሚባለውን ሽፋን ለብሰው የሚጨርሱት ደግሞ ቺምፓንዚ ለአቅመ አካል ሲደርስ አካባቢ ሲሆን ሰው እስከ ሃያዎቹ መጨረሻ ድረስ ይቀጥላል፣ ማለትም የእርስዎ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ገና እየተሰሩ ነው። ይሄ መዘግየት መቼ ጀመረ ለሚለው ደግሞ ሰላም ትመልሳለች፣ የዘረሰናይ አለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ በ2000 ያገኛት የ3.3 ሚሊዮን አመቷ ህፃን። በ2020 የወጣው ስራ የራስ ቅሏንና ጥርሶቿን ፈረንሳይ ግሬኖብል ባለው ትልቅ የኤክስሬይ ማሽን አንስቶ ስትሞት 2.4 አመት አካባቢ እንደነበረች አሰላ፣ የአንጎሏ አቀማመጥ እንደ ቺምፓንዚ ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነው፣ ግን ከአዋቂዎቹ ጋር ሲነጻጸር እድገቱ ገና አላለቀም ነበር፣ ከቺምፓንዚ ይልቅ የዘገየ እድገት ነው ያላት። እንደዚህ ከሆነ ሳይተልቅ በፊት ነው መዘግየት የጀመረው። ከኛ ምድር ከወጡ ግኝቶች እኔ ለአንጎል ጥያቄ ከድንቅነሽም በላይ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለሰላም ነው፣ ምክንያቱም ህፃን ናት፣ እድገትን ማየት የሚቻለው ደግሞ ህፃን ላይ ነው።

ምናልባት ተማሪዎ ስለ "የቋንቋ ጂን" ሰምቶ ይሆናል፣ ፎክስፒ2 ስለሚባለው። በ2001 አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ውስጥ የንግግር ችግር በትውልድ ሲተላለፍ ያመጣው የዚህ ጂን መበላሸት መሆኑ ታወቀ፣ ይሄ እውነት ነው። በ2002 ደግሞ የሰው ጂን ከቺምፓንዚው ሁለት የፕሮቲን ፊደል እንደሚለይና በቅርብ ዘመን በተፈጥሮ ምርጫ በፍጥነት እንደተስፋፋ ተጻፈ፣ አለም ሁሉ "ቋንቋ የሰጠን ጂን" አለው። በኋላ ኒያንደርታልም (የጠፋው የቅርብ ዘመዳችን) ያው ሁለቱ ለውጦች እንዳሉት ታየ፣ በ2018 ደግሞ አፍሪካውያን በደንብ የተካተቱበት ሰፋ ያለ ናሙና ላይ ሲሰራ ያ በቅርብ ተስፋፋ የተባለው ምልክት ጠፋ። መጀመሪያ የታየው ናሙናው ጠባብ ስለነበር ነው። ጂኑ ለንግግር አስፈላጊ መሆኑ አልተሻረም፣ የተሻረው ስለ ታሪኩ የተባለው ነው። የሰው ልጅ የጂን ብዝሃነት በብዛት ያለው አፍሪካ ውስጥ ሆኖ ሳለ አፍሪካን ትቶ ስለ ሰው ልጅ መናገር ምን እንደሚያመጣ ከዚህ በላይ ማሳያ አልፈልግም።

ከዚህ ጋር የሚነሳ ሌላ ጥያቄ ክፍል ውስጥ መምጣቱ ስለማይቀር አስቀድሜ ልበል። በ2005 የአንጎል መጠን ላይ የሚሰሩ ሁለት ጂኖች፣ ማይክሮሴፋሊንና ኤኤስፒኤም፣ በቅርብ ሺህ አመታት ውስጥ በአንዳንድ ህዝቦች ላይ እየተስፋፋ ያለ አይነት አላቸው ተብሎ ተጻፈና አንዳንዶች ወዲያው ወደ ዘር ማበላለጥ ወሰዱት። ከዛ በኋላ ያንን አይነት የያዙና ያልያዙ ሰዎችን ያወዳደሩ ጥናቶች በአንጎል መጠንም በአእምሮ ፈተናም ግንኙነት አላገኙም። እኔ ከላይ የዘረዘርኳቸው ለውጦች ደግሞ ጎንደርም ቶኪዮም ሊማም ያለ ሰው የሚጋራቸው ናቸው፣ ኤስአርጋፕ2ሲ ለምሳሌ በተመረመሩት ህዝቦች ሁሉ በሁለት ኮፒ ነው የሚገኘው። "የትኛው ህዝብ አንጎሉ የበለጠ ኢቮልቭ አርጓል" የሚል ጥያቄ ከመጣ በዚህ መረጃ ቀጥታ ይመልሱት፣ አይለፉት።

ለክፍል የሚሆን ነገር ካሉኝ አንድ አለኝ። የሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ የጂኖም ብራውዘር በነፃ ስልክ ላይም ይከፈታል፣ ኮኔክሽን ካለ። የሰውን ጂኖም ይምረጡና መፈለጊያው ላይ የሃር1ን ጂን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሃር1ኤ ብለው ይጻፉ፣ ክሮሞዞም 20 ጫፍ አካባቢ ይወስድዎታል። ከታች የሌሎች እንስሳት ዲኤንኤ ተሰልፎ የሚታይበት ረድፍ አለ፣ ያንን አስከፍተው ፊደሎቹ እስኪታዩ ድረስ ማቅረብ ነው፣ ቺምፓንዚ፣ አይጥ፣ ዶሮ በየመስመራቸው ይመጣሉ። ተማሪዎቹ 118ቱን ፊደል ራሳቸው አንድ በአንድ እያዩ ሰው ብቻ የተለየበትን ይልቀሙ። የቱ ጋ እንደሚጫኑ ግራ ካጋባዎት እዚሁ ስር ይጻፉልኝ፣ ስክሪንሾት እያረኩ ደረጃ በደረጃ እልክልዎታለሁ።